ከባዶ ሳጥን ኋላ

እንግሊዞች ፊልም ሊሠሩ ትሪዬስቴ የመጡት ጦርነቱ አልቆ ከተማችን በእነሱና በአሜሪካኖች ወታደር ይተዳደር በነበረበት ጊዜ ነው። ያን ዘመን በየአገሩ እየዞሩ እንዲህ ያለ ፊልም ይሠሩ ነበር። የዝናብ ካፖርት የለበሰ እንግሊዛዊ ባዕድ ከተማ ይገባል፣ አንድ ሰው ይፈልጋል፣ የሚጠይቀው ሁሉ ይዋሸዋል፣ ግድግዳ ላይ የሰው ጥላ ይሮጣል፣ መጨረሻ ላይ አንዱ ደረጃ ላይ ተመትቶ ይወድቃል። ይኸው ነው። የፈረሰ ቤትና ጨለማ ሰፈር ይወዳሉ። እኛ እንግዳ እንዳያይብን የምንሸፍነውን እነሱ መብራት ያበሩበታል።

እኔ ዓሣ ሻጭ ነኝ። ሲዮራ ፈሚያ ይሉኛል፣ ወይዘሮ ፈሚያ እንደ ማለት ነው። ሳን ጃኮሞ ኮረብታ ላይ ከምራቴ ከኒቬስ ጋር እኖር ነበር። ልጄ ዳርዮ ከጣልያን ጦር ጋር ሩስያ ዘምቶ ዶን ወንዝ አጠገብ በበረዶው ቀረ። ሞተ የሚል የለም፣ አለ የሚልም የለም። ከተመለሱት ጓደኞቹ አንዱ «ሲራመድ አየሁት» አለ፤ ሌላው «የለም፣ ተቀምጦ ነበር» አለ። ከዚያ ወዲህ ምንም።

በእኛ ሰፈር ከል መጀመሪያ የምትለብሰው እናት ናት። ሚስት ቀድማ ከለበሰች ባሏን ገደለችው ይሏታል። እናት ካልለበሰች ፍትሐት አይደረግም፤ ፍትሐት ካልተደረገ ቄሱ ለሚስቲቱ ሌላ ጋብቻ አያውጅም። መንግሥት እንደ ሞተ ቆጥሬዋለሁ ብሎ ወረቀት ሰጥቶናል። ሰፈሩ ግን ወረቀት አያነብም፣ የሚያየው የእኔን ቀሚስ ነው። የእኔ ቀሚስ ደግሞ ሰማያዊ ነበር።

ኒቬስ ፌሩቾ የሚባል የትራም ነጂ ትወድ ነበር። ደግ ሰው ነው፤ ጆሮው ትልቅ ነው እንጂ ሌላ ነውር የለበትም። እሱም ጠብቆ ጠብቆ ሲሰለቸው እስከ ፋሲካ ካልሆነ እናቱ የመረጠችለትን እንደሚያገባ ቁርጡን ነገራት። ይህን ስትነግረኝ ሰሃን ታጥብ ነበር፤ ዞራ አላየችኝም።

«እማማ፣ ምን ልበለው?»

«የምትዪውን አንቺ ታውቂያለሽ።»

«እኔ የማውቀው እርስዎ ከል እንዳልለበሱ ብቻ ነው።»

«ላልሞተ ሰው አላለቅስም» አልኳት።

ሰሃኑን አድርቃ አስቀመጠችው። እኔም ተኛሁ።

በዚያው ሰሞን ቱሊዮ ዓሣ ገበያ መጣ። ፀጉሩን በቅባት የለጠፈ፣ ወደብ አካባቢ ያደገ አፈ ጮሌ ነው፤ ለፊልም ሠሪዎቹ ያስተረጉማል።

«ሲዮራ ፈሚያ፣ እንግሊዞቹ ፊትዎን ወደውታል።»

«ጥርሴንስ አይተውታል?»

«ጥርስ አያስፈልግም፣ አይናገሩም። ልጇ የተገደለባት እናት ነዎት። ሬሳውን ተከትለው ይሄዳሉ። ሳጥኑ ውስጥ ግን ሬሳ የለም፣ ወንበዴዎቹ ከከተማ የሚያሾልኩት ዕቃ ነው። እርስዎ ይህን አያውቁም፣ ያለቅሳሉ።»

«በእውነትስ ሳጥኑ ምን አለበት?»

«ምን ይኖርበታል? ባዶ ነው።»

«ከእኔ በፊት ስንቷን ጠየቅህ?»

ሳቀ። «ገበያውን በሙሉ። እያማተቡ አባረሩኝ። ያቺ ወፍራሟማ በዓሣ ጅራት ነው ያለችኝ።»

ለምን እንዳባረሩት አውቃለሁ። ልጇ በሕይወት ያለ ሴት ከባዶ የሬሳ ሳጥን ኋላ አትሄድም። ባዶ ሳጥን የሚሞላውን ይፈልጋል ይባላል። በገንዘብም በቀልድም የሚደረግ ነገር አይደለም። እኔ የሰርዲን ቅርፊት ከእጄ ላይ እየፋቅሁ ነበር።

«መቼ ነው?» አልኩት።

ሌላ ነገር አላሰብኩም። ስለ ዳርዮም አላሰብኩም። ቅርፊቱ አልለቅ ብሎኝ ነበር።

የልብስ ኃላፊያቸው ዶሪን የምትባል ቀጭን ሴት ናት። በዓይኗ ለክታ ጥቁር ቀሚስና ጥቁር ሻርፕ በወረቀት ጠቅልላ ሰጠችኝ። የልብስ መቀየሪያው ክፍል በተዋናዮች ስለ ተጣበበ ቤቴ ለብሼው እንድመጣ በቱሊዮ አስነገረችኝ። ለኒቬስ አልነገርኳትም። ፈሚያ ተዋናይ ሆነች ተብሎ ሰፈሩ ሲስቅብኝ እንዲከርም አልፈለግሁም።

በማግስቱ ኒቬስ የእንግሊዝ መኮንኖች ሸሚዝ ወደምትተኩስበት ቤት ከሄደች በኋላ ለበስኩና ወጣሁ። ቦራ ይነፍስ ነበር። ያ ነፋስ ሲነሣ ሰው እንዳይወድቅ ማዘጋጃ ቤቱ በየማዕዘኑ ገመድ ይዘረጋል፤ ገመዱን ይዤ ወረድኩ። ዳቦ ጋጋሪው በሩ ላይ ቆሞ ነበር፣ ኮፍያውን አወለቀ። ነፋሱ እንዳይወስድበት መሰለኝ። ጎረቤቴ ጂጃ በመስኮት አየችኝና እጇን አፏ ላይ ጫነች። በዚያ ነፋስ ቆሜ ከጂጃ ጋር የማወራ አልነበርኩም፤ ሄድኩ።

ታች አሮጌው ሰፈር እንግሊዞቹ ጭጋግ ሊሠሩ በጣሳ ጭስ ያጨሳሉ። ቦራ ጭሱን አፍሶ ባሕር ላይ ይጥለዋል። ድንጋዩ እንዲያበራ ውኃ ይረጩበታል፣ ነፋሱ ያደርቀዋል። ዳይሬክተሩ ሚስተር ክሮፍት ረጅም፣ አፍንጫው የቀላ ሰው ነው፤ አንገት ልብሱ ፊቱ ላይ እየተጠቀለለበት ይሳደባል።

«ጭጋግ ከፈለጉ ለንደን ቢቀሩ አይሻላቸውም ነበር?» አልኩት ቱሊዮን።

«ሲዮራ፣ እባክዎ። ዛሬ ሁሉም ተናደዋል።»

ሳጥኑን አራት የወደብ ሠራተኞች ተሸከሙት። ባዶ ስለሆነ ነፋሱ ሊነጥቃቸው ይታገላቸዋል፣ እነሱም ጥርሳቸውን ነክሰው ወደ ታች ይይዙታል። ከሩቅ ላየው በጣም የከበደ ይመስላል። ዳይሬክተሩ ይህን ሲያይ ደስ አለው። ከዚያ እኔ ከኋላ ሄድኩ።

አስቆሙን። እንደገና አሉ። ሄድን። አሁንም አስቆሙን።

«ሲዮራ፣ ያልቅሱ እንጂ!» አለ ቱሊዮ። «የሞተው ልጇ ነው እኮ ይላል።»

«የማየው እንጨት ነው በለው።»

«ይህንንማ አልተረጉምም።»

«እንግዲያው ምን ልትሠራ ነው ደመወዝ የምትበላው?»

ዶሪን መጥታ ዓይኔ ውስጥ ጠብታ አደረገችልኝ። ጉንጬ ላይ ሳይደርስ ነፋሱ አደረቀው። ሄድን፣ ተመለስን። የተሸካሚዎቹን ተረከዝ እያየሁ እሄዳለሁ፤ የአንደኛው ካልሲ ተቀዷል። መቼም ሰው ነኝና ሆዴ አንድ ነገር እንዲል ጠበቅሁት። ሬሳ ሳጥን ነው፣ ጥቁር ለብሻለሁ፣ ከኋላው የምሄደው እኔ ነኝ። ውስጤ አንድ ነገር ሊቆረጥ፣ ጉልበቴ እንቢ ሊል ይገባ ነበር። ጉልበቴ ደህና ነበር።

ዳይሬክተሩ መጨረሻ ላይ እጁን አወናጨፈና አንድ ነገር ተናገረ።

«እንዲሁ ይሁን አለ» አለኝ ቱሊዮ። «ፊትዋ ግንብ ነው፣ ግንቡን እናነሣለን አለ።»

«አመስግንልኝ።»

ሥራው ሲያልቅ ገመዱን ይዤ ወደ ኮረብታው ወጣሁ። በመንገዳችን ያለው የመስኮት መዝጊያ ሁሉ ገርበብ ብሏል። መጠጥ ቤቱ ደጃፍ ወንዶቹ ወጥተው ራሳቸውን ገልጠው ቆሙ። ዳቦ ጋጋሪው ዳቦ እጄ ላይ አኖረና ሳንቲም ሳወጣ እጄን መለሰው።

«ዛሬ ከእርስዎ አልቀበልም፣ ሲዮራ ፈሚያ። ዳርዮ የእኔም ልጅ ነበር።»

ያኔ ገባኝ። እዚያው ማስረዳት እችል ነበር። ግን ከንፈሬ በብርዱ ደርቆ ነበር፤ ዳቦውን ይዤ ሄድኩ።

የቤታችን ደረጃ ላይ ፌሩቾ የትራም ዩኒፎርሙን እንደ ለበሰ ኮፍያውን ደረቱ ላይ ይዞ ቆሟል።

«እግዜር ያጥናዎት» አለ። ዓይኑን ከጫማው አላነሣም።

«ለምን አልገባህም?»

«እኔ ዛሬ እዚያ ቤት ውስጥ ምን ቦታ አለኝ፣ ሲዮራ?»

ወጥ ቤቱ በሴት ተሞልቷል። ለቅሶ ቤት ነውና መስተዋቱን አንሶላ አልብሰውታል። ጂጃ ወንበሬ ላይ ተቀምጣ ለሰፈሩ ሁሉ የሚበቃ ልቅሶ ታለቅሳለች። ኒቬስን ከሥራ ቦታዋ ጠርተዋት ሽርጧን እንኳ ሳትፈታ ነው የመጣችው። ስገባ ብድግ አለች። እሷ አላለቀሰችም።

«መርዶው በማን መጣ፣ እማማ? በምን ሞተ?»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ዳቦውን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ።

«መርዶ የለም» አልኩ። «ልብሱ የእንግሊዞች ነው። ፊልም ሲሠሩ ውዬ ነው የመጣሁት።»

ከበሩ አጠገብ አንዷ ሳቋ አመለጣት። የኒቬስ እጅ ሽርጧ ላይ ቀረ። ፊቷ ላይ ምንም አላየሁም፤ እንደ መኪና ሞተር ያለ አንድ ነገር ውስጧ ጠፋ እንጂ።

«ፊልም!» አለች ጂጃ። «እኔ እዚህ ጉሮሮዬ እስኪዘጋ ሳለቅስልሽ አንቺ ፊልም!»

«ማን አልቅሺልኝ አለሽ?»

«ደግሞ ምን ሆነሽ ነው የምትሠሪው? ጠንቋይ?»

«እናት። የልጇን ሬሳ የምትሸኝ።»

«ሬሳው ማን ሆነ?»

«ማንም። ባዶ ሳጥን ነው።»

ጂጃ መሐረቧን ከአፍንጫዋ ላይ አወረደች። የእሷ ልጅ መርከበኛ ነው፤ ልጁ ባሕር ላይ ሳለ የተገለጠ የሬሳ ሳጥን ባለበት መንገድ እንኳ አታልፍም።

«ባዶ ሳጥን ተከተልሽ?»

«ተከተልኩ።»

«አንቺ? በእግርሽ?»

«በእግሬ ነዋ፣ ሊያዝሉኝ ነበር?»

«አልፈራሽም?»

የሚስቅ ጠፋ። አንዷ አማተበች። ሌላዋ ወለሉን ታያለች። ኒቬስ ግን እኔን ነበር የምታየው። ከሁሉም ቀድሞ የገባው ለእሷ ነው፤ ከእኔም ቀድሞ ገብቷታል።

የምመልሰውን ፈለግሁ። ያን ሁሉ ዓመት ማንም ሲጠይቀኝ «አለ» የሚያሰኘኝ ነገር ሆዴ ውስጥ ነበረኝ። ፈለግሁት። የለም። የጠፋው ዛሬ ጠዋት አይደለም፤ የዛሬ ዓመትም አይደለም። መቼ እንደሄደ አላውቅም። ሳይነግረኝ ነው የሄደው።

«አልፈራሁም» አልኩ። ድምፄ የዓሣ ዋጋ የምጠራበት ድምፅ ነበር።

«እማማ» አለች ኒቬስ፣ እጇን ዘርግታ መጣች።

«አትንኪኝ፣ የሰው ልብስ ነው። ያቆሽሻል እጅሽ።»

እዚያው መካከላቸው ቆሜ ጥቁሩን ቀሚስ አወለቅሁ። አጣጥፌ በወረቀቱ ጠቀለልኩት። በውስጥ ልብስ ቀረሁ፤ ያላዩት ነገር የለም።

«ጂጃ፣ የከል ቀለም አለሽ?»

«ለባሌ የገዛሁት ተርፎኛል። አንድ ብርጭቆ ይሆናል።»

«አምጪው። እናንተ ደግሞ ትልቁን ድስት ጣዱ። ለማየት ብቻ ነው እንዴ የመጣችሁት?»

ድስቱን ጣዱ፣ ውኃው ፈላ። ሰማያዊውን ቀሚሴን ከችንካሩ አውርጄ ሰጠኋቸው። ጂጃ ቀለሙን ስትበትን ኒቬስ በእንጨት አማሰለችው። እንባዋ የመጣው ያኔ ነው፤ እንፋሎቱ ላይ ጎንበስ ብላ ድምፅ ሳታሰማ አለቀሰች። ለዳርዮ ይሁን ለራሷ አልጠየቅኳትም። እኔ ወንበር ላይ ተቀምጬ እግሬን አሞቅሁ።

«የእኔንም ልጨምረው?» አለች ቆይታ።

«የእኔ ይቅደም። እኔ ለብሼ ከወጣሁ በኋላ ትከቺዋለሽ።»

«እሺ።»

«ያን ሰውዬም ከደረጃው ላይ አንሡት፣ ይበርደዋል።»

ሴቶቹ ተያዩ። «ይግባ?» አለች ኒቬስ፣ ድምፅዋ በቅጡ ሳይሰማ።

«ይግባና እንጨት ይፍለጥ። እሳቱ እየደከመ ነው።»

ፌሩቾ ገባ። ኮፍያውን የሚያስቀምጥበት አጥቶ ዞረ፤ ማንም አልነገረውም፣ መስኮቱ ላይ አኖረው። መጥረቢያውን ይዞ ወደ ጓሮ ወጣ። ሲፈልጥ ሰማነው።

ቀሚሱን ጨምቀው ሰጡኝ። ጥቁር ሆኗል፣ ብብቱ ሥር ብቻ ትንሽ ሰማያዊ ቀርቷል። ጂጃ እስኪደርቅ ጠብቂ እንጂ አለችኝ። ቄሱ ቤተ ክርስቲያኑን ሳይዘጋ ልድረስበት፣ ስለ ፍትሐቱ ልንገረው ብዬ እርጥቡን አጠለቅሁት። ከገላዬ ጋር ተጣበቀ። ብርዱ ተሰማኝ፤ ሌላ የተሰማኝ የለም።

ደረጃውን ስወርድ ኒቬስ የራሷን ቀሚስ ውኃው ውስጥ ስትከት ሰማሁ።