ለቅሶ ያልተቀመጡት

ምልኬሳ ብሩን አጣጥፎ በመዳፉ ከሸሸገ ቆይቷል። ልጅቷ የንፍሮውን ትሪ ይዛ ከድንኳኑ ጥግ እስከ ጥግ ስትዞር በዓይኑ ይከተላታል። አጠገቡ ደርሳ ጎንበስ ስትል እጁን ሰደደና ብሩን ከትሪው ጠርዝ ጋር ጣቷ ሥር ወሸቀላት።

«ላንቺ ነው፤ ያዢው» አላት ዝቅ ባለ ድምፅ።

ልጅቷ፣ ቀመሪያ፣ ፈገግ አለች። ከእሷ ቀድሞ ፊቷ የሠራው ፈገግታ ነበር።

«አመሰግናለሁ፣ አባባ።»

ከዚያ የት እንደቆመች ትዝ አላት። ፈገግታው እፊቷ ላይ እንዳለ ደረቀ። ብሩን አየችው፤ ድንኳኑን አየችው፤ ዞር ብላ ትሪውን እንደያዘች በጓሮ በኩል ወጣች። ንፍሮ ያልደረሳቸው አዛውንቶች መዳፋቸውን እንደዘረጉ ቀሩ።

የእድሩ ዳኛ አቶ ኃይለየሱስ ከምልኬሳ ጎን ተቀምጠው ነበር። ነገር የማያመልጣቸው ሰው ናቸው።

«ኦቦ ምልኬሳ፣ ምን ሰጧት?»

«ጉርሻ ነዋ። ከተማ ነው ብዬ።»

«ኧረ በስመ አብ! ልጅቷ እኮ ለቅሶ ደራሽ ናት።»

«ለቅሶ ደራሽ ከሆነች ለምን ታስተናግዳለች?»

«የመርዳሳ የሥራ ባልደረባ ስለሆነች ነዋ!»

ምልኬሳ ነገሩ አልተዋጠለትም። ለቅሶ ደራሽ መጥቶ ይቀመጣል፤ ያለቅሳል፤ ያጽናናል፤ ይሄዳል። እሷና አብረዋት የሚያስተናግዱት ግን ከቀብር ጀምሮ ሲዞሩ እንጂ ሲቀመጡ አላያቸውም። ነጭ ሸሚዝ ለብሰው እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው የድንኳኑን ሸራ ተደግፈው ይቆማሉ። አንድ ሰው ውኃ ሲያምረው ከመናገሩ በፊት ውኃው ይደርሰዋል። ታዲያ እነዚህን ምን ይሏቸዋል?

ሟቹ መርዳሳ የምልኬሳ ታናሽ ወንድም ነው። ምልኬሳ አዳሚ ቱሉ ሽንኩርት ሲያርስ ሸመገለ፤ መርዳሳ ገና በጉርምስናው አዳማ ገብቶ ሆቴል ሲያስተናግድ ሸመገለ። ሲሞት ባልደረቦቹ ወደ እድሩ ሄደው «የጋሽ መርዳሳን ድንኳን እኛ እናስተናግድ» ብለው ለመኑ። የእድሩ ተረኞች ደስ አላቸው። ለምልኬሳ የነገረው ሰው የለም። እሱ ያየው ሆቴል ቤት የሚያየውን ልብስና ትሪ ነው። የቤቱ ታላቅ እሱ ስለሆነ፣ ማድረግ የሚገባውን ሳያደርግ የቀረ እንዳይመስል ሰጋ፤ ሰጠም።

የሟች ሚስት እህት ዘርፉ ወሬውን ጓዳ ሆና ሰምታ መጣችና ጆሮው ሥር ተንበረከከች።

«ደግ አደረጉ፣ ጋሼ። ካልሰጧቸው የመርዳሳ ወንድም ቋጣሪ ነው ብለው ከፍራንኮ ሰፈር እስከ ሶደሬ መንገድ ያወሩብናል። ለአንዷ ብቻ መስጠትዎ ነው የከፋው።»

«ለሁሉም ልስጥ?»

«እንዴታ!»

«ስንት ስንት?»

ዘርፉ አሰበች። «እሱማ አንዳንዱ ከአሥር አንድ እጅ ይላል። አንዳንዱ መልሱን ይተዋል። እንደ ሰዉ ነው።»

«እንደ የትኛው ሰው?»

«እንደ... እኔ እንጃ፣ ጋሼ።»

አቶ ኃይለየሱስ በወዲያ በኩል ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ነው። እኛ አገር ድንኳን ውስጥ ብር አይሰጥም።» ዘርፉ በበኩሏ «እርስዎ ደግሞ ሰጥተው ያውቃሉ እንዴ!» አለቻቸው። ምልኬሳ መሐላቸው ተቀምጦ ጋቢውን ወደ ላይ ሳበ። በሬውም ሰርዶውም ተምታቱበት።

ጉርሻ የሚሉትን ነገር ከመጀመሪያውም አልወደደውም። መርዳሳ ሆቴል ገብቶ መጀመሪያ አገር ቤት ሲመጣ ለአባታቸው ጋቢ፣ ለእናታቸው ሻሽ ይዞ ነበር። አባታቸው ጋቢውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ጠየቁት።

«ደሞዝህ ይህን ያህል ነው?»

«ደሞዟ ትንሽ ናት። ሰው ሲበላ ይተውልኛል።»

«ለምን?»

«ደስ ሲለው።»

«ደስ ካላለውስ?»

«ያው አይተውም።»

አባታቸው ጋቢውን አጥፈው መለሱለት። «በሰው ደስታ አይታረስም» አሉ። ምልኬሳ ያኔ አባቱ ልክ ይመስሉት ነበር። ብዙ ዘመንም መሰሉት።

አንድ ጊዜ ሽንኩርት ሊያስረክብ አዳማ መጥቶ ወንድሙን ለማየት ሆቴሉ ገባ። ጥግ ይዞ ተቀመጠ። መርዳሳ ከአንዱ ጠረጴዛ ወደ ሌላው እንደ ወፍ ይበራል። አንድ ወፍራም ሰው ሲወጣ ብር አስጨበጠው። መርዳሳ ብሩን አላየውም። ጎንበስ አለ፤ ብሩን ደረት ኪሱ ከተተ፤ በመዳፉ አንድ ጊዜ ኪሱን ጫን አደረገው። ከዚያ ሌላ ጠረጴዛ። እዚያም እንዲሁ።

«ሌባ እንኳ ያገኘውን ያያል። አንተ ለምን አታይም?» አለው ምልኬሳ።

«ካየሁት ሰውዬውን እመዝነዋለሁ፣ ኦቦሌሳ፣ ወንድሜ። ነገ ሲመጣ ደግሞ እንግዳዬ ነው።»

ምልኬሳ መልሱ አልገባውም። አፍሮ ነው ብሎ ያዘው፤ ያፈረ ሰው ያፈረበትን አያይም።

ወደ ማታ ገደማ ድንኳኑ ውስጥ ከአስተናጋጆቹ አለቃቸው መጣ። ጫላ ይባላል፤ ቀጠን ያለ፣ ጠጉሩ ከፊት የሸሸ። ጎንበስ ብሎ በኦሮምኛ ሰላምታ ሰጠና ወደ አማርኛ ተመለሰ።

«አባባ፣ ቅር እንዳይልዎት። እኛ ዛሬ ማታ ብንሄድ ይሻላል ብለናል።»

«ነገ ሰልስቱ ሳይወጣ?»

«የእድሩ ሰዎች አሉ። ቀመሪያም ከዚያ ወዲያ ማልቀሷን አላቆመችም።»

አቶ ኃይለየሱስ የምልኬሳን ክንድ ቆነጠጡት። መቆንጠጡ ገብቶታል። የመርዳሳን ድንኳን የገዛ ጓደኞቹ ጥለውት ሄዱ ከተባለ፣ ሟች ምን ቢበድላቸው ነው ይባላል። ስሙ ከነገ ሰልስት በፊት ይቆሽሻል፤ ያቆሸሸውም ወንድሙ ነው። ምልኬሳ የሚያውቀውን አንድ መንገድ ያዘ።

«አነሰ እንዴ?» አለው።

ጫላ ሊስቅ ይሁን ሊቆጣ ፊቱ አላስታወቀም።

«ጋሽ መርዳሳ ‹ወንድሜ እንደ በርበሬ ነው፣ ቀጥ ብሎ ነው የሚያቃጥለው› ይለን ነበር» አለ። «አላነሰም፣ አባባ። ሆቴል ቢሆን ይዘን አመስግነን እንሄዳለን። እንጀራችን ነው። እዚህ ግን... እሱ እንዴት እንደሞተ ነግረውዎታል?»

«ልቡ ነው ብለውኛል።»

«ምሳ ሰዓት ነው። ቤቱ ሞልቷል። ትሪውን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠና ወንበር ስቦ ተቀመጠ። የደነገጥነው ደረቱን ሲይዝ አይደለም፣ ሲቀመጥ ነው። በሥራ ሰዓት ተቀምጦ ያየው ሰው አልነበረማ። ቀመሪያ ጮኸች። እንግዶቹ መብራት የጠፋ መስሏቸው ወደ ላይ አዩ።» ጫላ እጆቹን ወደ ኋላ አጣመረ። «ከዚያ ወዲህ እንደቆምን ነን። ሆስፒታል ቆምን፤ መቃብር ቆምን፤ እዚህም ቆመናል። እናስተናግድ ያልነው ሌላ ስለማናውቅ ነው። ትተነው ብንሄድም ግር ይለናል።»

ሄዶ ከጓደኞቹ ጋር ሸራው ሥር ቆመ። ሊሄዱ ተነሱ ወይስ ቀሩ፣ ምልኬሳ አልለየም። እነሱም የለዩ አይመስሉም።

የመርዳሳ ሚስት ተሻለች ፍራሹ ላይ ሆና ሁሉንም ስትሰማ ነበር። ሰው ሳሳ ሲል ወደ ምልኬሳ ተጠጋች። ድምፅዋ ከማልቀስ ብዛት ተዘግቷል።

«ጋሼ፣ ላንተ ልንገርህ። ይኸን ያህል ዘመን በጉርሻ ሲያኖረን፣ እሱ ውጭ በልቶ ሰባራ ሳንቲም ሲተው አይቼ አላውቅም።»

«መርዳሳ?»

«መርዳሳ። እኔ ተደብቄ ከቦርሳዬ እተው ነበር፤ ሲያሳፍረኝ። ለምን እንደሆነ ግን ጠይቄው አላውቅም። አሁን ማን ይነግረኛል?»

ያኔ ምልኬሳ ባቱ ከተማ የሆነው ትዝ አለው። መርዳሳ ለጥምቀት መጥቶ ሐይቁ ዳር ዓሣ ሊጋብዘው ወሰደው። ጥብስ አዘዙ። የምታስተናግደው ሴት ቁርጭምጭሚቷ አብጦ ነጠላ ጫማዋን ሞልቶታል። በልተው ሲጨርሱ ምልኬሳ ወንድሙ ብር የሚተውበትን ጊዜ ጠበቀ፤ ሊፈርድበት። መርዳሳ ሒሳቡን ብቻ ከፈለ። ከዚያ አጥንቱን ወደ አንድ ሳህን ሰበሰበ፣ ሳህኖቹን ደራረበ፣ ጠረጴዛውን በራሱ መሐረብ ወለወለ፣ ተሸክሞ ወደ ማጠቢያው ገባ። ሴትዮዋ «ኧረ ተው ጌታዬ» እያለች ተከተለችው። ውስጥ ቆየ። ሲወጣ እጁ እርጥብ ነበር።

ምልኬሳ መንገድ ላይ ቁጣውን ለቀቀበት። «አንተ ከሰው ኪስ የምትበላ፣ ለሴትዮዋ መንፈግህ ምንድን ነው?»

«ሰጥቻት መጣሁ እኮ።»

«ምን ሰጠሃት?»

«ወንበር።»

ምልኬሳ ሳቀበት። ከተማ ሰው ያጃጅላል ብሎ አገር ቤት ለሰው አወራው፤ ሰዉም ሳቀ። ሴትዮዋ በማጠቢያው በር በኩል ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ እግሯን ዘርግታ፣ ዓይኗን ጨፍና እንደነበር ያኔም አይቷል። አይቶ ግን ከምንም አላገናኘውም። አሁንም ማገናኘቱን እርግጠኛ አይደለም። ወንድሙ ሴትዮዋን ብር ነፍጎ ይህን መስጠቱ ልክ ይሁን ስህተት ማን ያውቃል? ያበጠ እግር በወንበር ይድናል እንጂ ዘይት በወንበር አይገዛም። ቢሆንም ተነሣ።

ጓዳ ገብቶ ጋቢውን አወለቀ። ዘርፉ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር።

«ምን ፈለጉ፣ ጋሼ?»

«ትሪ።»

«ለማን?»

«ለለቅሶ ደራሽ።»

እንጀራና ምስር ጭኖ ወጣ። ጫላ ሲያየው እንደ ወታደር ተንደረደረ።

«ነውር ነው፣ አባባ! ይስጡኝ!»

«ተቀመጥ።»

«አይሆንም፣ በፍጹም...»

«ታላቅህ ነኝ። ተቀመጥ አልኩህ። እዚያ ሳይሆን እዚህ።» የቤተ ዘመዱን አግዳሚ ወንበር በአገጩ አሳየው። «አንቺም ነይ፣ ልጄ። ሁላችሁም።»

ተያዩ። ተሻለች ከፍራሹ ላይ «ተቀመጡ እንጂ፣ እግዜር ያሳያችሁ» አለች። ጫላ ተቀመጠ። ሲቀመጥ የጉልበቱ ድምፅ ተሰማ። ቀመሪያ ከጎኑ የወንበሩን ጠርዝ ብቻ ይዛ ተቀመጠች፤ እንደምትጠራ ሰው። ሌሎቹም ተከተሉ።

ምልኬሳ ጠረጴዛውን አቀረበና ማቅረብ ጀመረ። እጁ ሞፈር እንጂ ሳህን አልለመደም። መረቁ ፈሰሰ። አንዱን ሳህን በቀመሪያ ራስ ላይ አሳልፎ ለጫላ ሊሰጥ ሲል ጫላ አላስቻለውም።

«በቀኝ በኩል ዞረው ነው፣ አባባ። በሰው ራስ ላይ አይታለፍም።»

«በቀኝ» አለ ምልኬሳ፤ ዞረ።

«አውራ ጣትዎ ወጡ ውስጥ ገብቷል።»

«የታጠበ ነው።»

ከአስተናጋጆቹ አንዱ በሳቅ ፈረሰ። ሳቁ ለሌላውም ተረፈ። ቀመሪያም ሳቀች፤ ሳቋ መሐል ላይ ተሰበረና አንገቷን ደፍታ «ጋሽ መርዳሳ!» አለች። እንደ ጥሪ ነው ከአፏ የወጣው፤ ጠረጴዛ ሲበዛባት ትጠራው እንደነበረው። ጫላ ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። ከዚያ አግዳሚ ወንበሩ በሙሉ አለቀሰ። ተሻለች ተነሥታ መጥታ መሐላቸው ገባች። ምልኬሳ የውኃ ጣሳውን ይዞ ሸራው ሥር እንደቆመ ቆየ። እጁን ምን እንደሚያደርገው ቸገረውና ወደ ኋላ አጣመረው።

ሲረጋጉ በሉ። ሲበሉ አየ። ተነሥተው እጃቸውን ሊታጠቡ ሲወጡ፣ ጫላ አጠገቡ ቆም አለ።

«ነገ በጠዋት እንመጣለን» አለ። «ግን መጀመሪያ እንቀመጣለን። ከዚያ እናስተናግዳለን።»

ምልኬሳ ብቻውን ቀረ። ፍርፋሪውን ወደ አንድ ሳህን ሰበሰበ፤ ሳህኖቹን ደራረበ። የመጨረሻውን ሲያነሣ ከሥሩ የታጠፈ ብር አገኘ።

ቆመ። ያ የጠዋቱ ብር ተመልሶ ይሁን? ሌላ ይሆን? ተቀይመው ነው? ቀልድ ነው? የለቅሶ ነው ወይስ እሱ ስላስተናገደ ነው? ማን እንደተወውም አላየም። የአባቱ ቃል ወደ አፉ መጣ፤ ደግሞ ተመለሰ። ልጠይቃቸው ብሎ ወደ ጓሮው አንድ እርምጃ ሄደ፤ ውኃው ሲፈስና ሲያወሩ ሰማ፤ እርምጃውን መለሰ።

ብሩን አልዘረጋውም። አላየውምም። ደረት ኪሱ ከተተውና በመዳፉ አንድ ጊዜ ጫን አደረገው። ከዚያ መሐረቡን አውጥቶ ጠረጴዛውን መወልወል ጀመረ።