የቁም ሣጥኑ ጀርባ

የሥነ ልቦና አማካሪዋ በዕድሜ ልጄ ብትሆን ነው። ወረቀት ላይ ሦስት ዓምድ አሰመረችልኝ፦ ሐሳቡ፣ የሚደግፈው ማስረጃ፣ የሚቃወመው ማስረጃ። «የተሰማዎት ሁሉ እውነት ነው ማለት አይደለም፤ ማስረጃ ይፈልጉለት» አለችኝ። አናጺ ነኝ። ዓይኔ ቀጥ ነው ያለውን እንጨት ውሃ ልክ ስንት ጊዜ ጠማማ ነው ብሎኛል፤ አልተከራከርኳትም።

ሐሳቤ አንድ ነው፦ ታላቅ እህቴ፣ እትዬ፣ አትምረኝም። የእናታችንን የሬሳ ሣጥን እኔ ካልሠራሁ ሞቼ እገኛለሁ ብዬ፣ ክዳኑን ለሦስተኛ ጊዜ ሳለሰልስ ቀብሩን ሁለት ሰዓት አስረፈድኩት። ሰው ሁሉ ፀሐይ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። እትዬ ያን ቀን ምንም አላለችኝም። ከዚያ ወዲህም ስምንት ወር ሙሉ ምንም አላለችኝም። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። እኔ ግን ነቀዝኩ።

ወረቀቱን የት እንደጣልኩት እንጃ። አናጺ መቼም ልኩን የሚጽፈው እንጨቱ ላይ ነው፤ እርሳሴን ከጆሮዬ አውርጄ ፊቴ ያገኘሁት ኮምፔንሳቶ ላይ ሦስቱን ዓምድ አሰመርኩ። የሚደግፈው፦ «ቁም ሣጥን ስታዝ እንኳ ለአለቃዬ ደወለች እንጂ ለእኔ አልደወለችም።» የሚቃወመው ባዶ ቀረ። ምሳ በልቼ ስመለስ ኮምፔንሳቶው የለም። ባልደረባዬ የእትዬ ቁም ሣጥን ጀርባ አድርጎ መትቶት፣ ጭኖ ልኮታል።

«ምን ታካብዳለህ? ጽሑፉ በግድግዳው በኩል ነው» አለኝ።

በማግስቱ ስልኬ ጮኸ። «በሩ አይዘጋም፤ ና» አለች እትዬ። በስምንት ወር ሦስት ቃል።

መላጊያዬን ይዤ ሄድኩ። ቁም ሣጥኑ ሳሎኑ መሐል ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል። ጠጋ ብዬ ጽሑፌን አየሁት። ባዶው ዓምድ በእትዬ የእጅ ጽሑፍ ተሞልቷል፦

«እኔ ሰፈር አራት አናጺ አለ። አለቃህ ጋ የደወልኩት አንተ እንድትሠራው ነው። ክዳኑን ደግሞ ከመቀበሩ በፊት በእጄ ዳስሼዋለሁ። አንዲት ስንጥር አልነበረውም።»

አለቀስኩ። እትዬ እስክጨርስ ጠበቀችኝና «በል በሩን እየው» አለች።

ዞሬ ዘጋሁት። ተዘጋ። ከፍቼ ደገምኩት፤ አሁንም ተዘጋ።

«ይዘጋል እኮ፣ እትዬ።»

«አይዘጋም አልኩህ» አለችና ወንበር ሳበችልኝ።

መላጊያዬን አወጣሁ።