የደሴቱ አደራ

ጋሽ ደምለው ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከደብረ ማርቆስ ደምበጫ ሚኒባስ ሲነዱ፣ ከተሳፋሪው ይልቅ አደራው ይበዛባቸው ነበር። ሰው ተጣቦ ይቀመጣል፤ የቅቤ ቅል ግን በክብር ይሄዳል። አንዱ ለእኅቱ በርበሬ፣ ሌላው ለልጁ በሶ፣ አንዲት ሴትዮማ ለፈታችው ባሏ ጋቢውን መልሳለታለች። እሳቸው ሳይከፍቱ፣ ሳይጠይቁ ያደርሳሉ። "አደራ ፈትቶ ያየ፣ ሬሳ ገልጦ እንዳየ ነው" ይሉ ነበር። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ደግሞ ይህንኑ በየማኅበሩ እየደጋገሙ ጠላ ያሞቃሉ። ሰዉም እንደ አዲስ ነገር ያዳምጣቸዋል። ምን ያድርግ፤ አደራ ያልላከባቸው የለም።

ልጃቸው አካለ ወልድ፣ የቤት ስሙ አኬ፣ ባሕር ዳር አስጎብኚ ነበር። ጎብኚው ሲጠፋና ሥራው ሲቀዘቅዝ፣ "ሰው ሳዞር ኖሬ እኔ ሳልዞር ልሙት?" አለና፣ አየር መንገድ የሚሠራ ባልንጀራው በቅናሽ ባስወጣለት ትኬት ማዳጋስካር ገባ። በሕንድ ውቅያኖስ መካከል ያለች የደሴት አገር ናት። በርካሽ ዞሮ፣ ቪዲዮ ሠርቶ፣ ስም ሊያወጣ ነው።

መልእክቱ የሚመጣው በእኅቱ በፀደንያ ስልክ ነው። እሷ ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ አጠገብ ፎቶ ኮፒ ቤት አላት። ጋሽ ደምለው ከሰዓት ከሰዓት እየሄዱ ወንበር ይይዛሉ። ተማሪዎቹ "ኮፒ ነው አባባ?" ሲሏቸው "አይ፣ እኔ ኦሪጅናል ነኝ" ይላሉ።

"አባዬ፣ ጉድ ልንገርህ" አለ የመጀመሪያው የድምፅ መልእክት። "እዚህ ሰዉ በቀን ሦስቴ ሩዝ ይበላል። ሚኒባሱ እንዳንተው ነው፤ ዶሮ ሳትቀር ጭን ላይ ትሳፈራለች። ብትመጣ መሪውን ካልያዝሁ ትላለህ።"

በሳምንቱ ሌላ መጣ። መናኸሪያ ውስጥ ራኩቱ የሚባል ሰው "እንግዳ ደጅ አያድርም" ብሎ ወደ ቤቱ ወስዶታል። ጠዋት ሲሸኘው አፉ የተሰፋ ከረጢት ሰጠው፤ ሰሜን ላለው ወንድሙ እንዲያደርስለት። ወንድምየው ተቀብሎ አሳደረው፤ እሱም በተራው ሌላ ከረጢት አስያዘው።

"ከዚያ ወዲህ ለማደሪያ ሰባራ ሳንቲም አላወጣሁም" አለ አካለ ወልድ እየሳቀ። "አገሩ በአደራ ነው የሚኖር አባዬ። ልክ እንደኛ!"

ጋሽ ደምለውን በዚያ ወር ማኅበር ላይ ማን ያስቁማቸው። "ልጄ በአደራ ባሕር ማዶ ዞረ" እያሉ ጽዋውን አስረሱት።

አካለ ወልድ ከላካቸው ፎቶዎች ላይ ነገሩን ቀድማ ያየችው ፀደንያ ናት።

"አባዬ፣ ይህን ሰማያዊ ኮፍያ ያደረገ ሰውዬ እየው።"

"ደህና ኮፍያ ነው።"

"ኮፍያውን አይደለም! ይኸውልህ ገበያ ውስጥ። ይኸውልህ ወደብ ላይ። ይኸውልህ ሌላ ከተማ። ሁሌ ከአኬ ኋላ ነው።"

"መንገደኛ ይሆናላ። እኔንስ ደምበጫ ያየኝ ማርቆስ ያገኘኝ አልነበር?"

እንዲህ አሉ እንጂ መነጽራቸውን አውጥተው ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አዩ። ባለኮፍያው በሁሉም አለ። ካሳደሩት ሰዎች ግን አንድም ፊት የለም። አንዱ ጀርባውን ሰጥቷል፤ ሌላው ፊቱን በእጁ ጋርዷል። ልጃቸውን ያጎረሰ ሰው ፎቶ የሚፈራው ለምንድን ነው? የዚያን ቀን ጋሽ ደምለው ከተማሪዎቹ ጋር ሳይቀልዱ ወጡ።

ቀጥሎ ሦስት ቀን የአካለ ወልድ ድምፅ ጠፋ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ አባትና ልጅ ቤት ተቀምጠው ሳሉ በፀደንያ ስልክ ደወለ፤ ድምፁን ለሁለቱም ከፈተችው።

"አባዬ፣ ዛሬ መመለሴ ነው። ዘጠኝ ሰዓት እበራለሁ። ራኩቱ አዲስ ሻንጣ ሰጥቶኛል፤ አዲስ አበባ ላለ ወዳጁ ነው። ቦሌ በር ላይ ይቀበለኛል።"

ጋሽ ደምለው ወደ ወንበሩ ጫፍ ተሳቡ።

"ውስጡ ምን አለ?"

"አልነገረኝም።"

"አልጠየቅኸውም?"

"አንተ አይደለህ አትጠይቅ ያልኸኝ?"

ሠላሳ ዓመት ሳይጠይቁ የኖሩት፣ ላኪው ሳይጠየቅ ስለሚናገር መሆኑ ገና አሁን ታያቸው። "ቅቤ ነው፣ እንዳትገለብጠው።" "ብርጭቆ ነው፣ ከታች እንዳታደርገው።" ለዕቃው የሚሳሳ ሰው አፉ አያርፍም።

"ሲሰጥህ ምን አለህ?"

"ምንም። ፎቶ አነሳኝ። ፊት ለፊት፣ በጎንም።"

"አሁን የት ናቸው?"

"ሳሎን ናቸው። ባለኮፍያውም አለ። ለካ የራኩቱ የአክስት ልጅ ነው።"

"አካለ ወልድ፣ ሳቅ።"

"ምን?"

"ሳቅ አልሁህ! ቀልድ እንደነገርሁህ እየሳቅህ ስማኝ። ሻንጣውን አትነካውም።"

ልጁ ሳቀ። ፀደንያ እንዲህ ያለ ሳቅ ሰምታ አታውቅም፤ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

"አባዬ፣ እህላቸውን በልቻለሁ። ቃል ሰጥቻለሁ። ሃ ሃ! አደራ በላ ልባል ነው?"

"ገዝቼሃለሁ" አሉ ጋሽ ደምለው። በዕድሜያቸው በልጅ ላይ ግዝት ጥለው አያውቁም። "በተሸከመችህ እናትህ አፅም ገዝቼሃለሁ። ፓስፖርትህስ?"

"ደረቴ ላይ ነው፤ እንደ ክታብ።"

"እሑድ ነው፣ ቤተ ክርስቲያን ልሳለም በል። ሻንጣውንም፣ የራስህንም ልብስ ተው። ስልክህን ቻርጅ ላይ ሰክተህ ውጣ፤ ስልኩን የተወ ሰው ይመለሳል ብለው ያምናሉ። ከዚያ በቀጥታ ወደ አውሮፕላኑ። ከሰው መካከል እንዳትወጣ።"

"እሺ። ሃ ሃ! እሺ አባዬ።" ተዘጋ።

ምሳ ቀርቦ ተነሣ። ጋሽ ደምለው ከበሩ እስከ ምሰሶው፣ ከምሰሶው እስከ በሩ ተመላለሱ። ስምንት ሰዓት ሲሆን ከማያውቁት ቁጥር አጭር ጽሑፍ ገባ፦ "በባዶ እጄ ፍተሻውን አልፌያለሁ። ባለኮፍያው ከመስተዋቱ ውጪ ቆሞ አይቶኛል። በሰው ስልክ ነው። አኬ።"

ፀደንያ እልል ልትል አፏን ስትከፍት አባቷ እጃቸውን አነሡ።

አሥር ሰዓት ላይ የጋሽ ደምለው የራሳቸው ስልክ ጮኸ። ሻንጣውን ቦሌ ሊቀበል የነበረው የአዲስ አበባው ሰው ነው።

"ጋሽ ደምለው፣ እንደምን ዋሉ? ቤተሰብ ደህና?" ድምፁ ለስላሳ ነው፤ የሠርግ ጥሪ የሚናገር ይመስላል። "ስልክዎን እነ ራኩቱ ልጅዎ ረስቶት ከሄደው ስልክ አውጥተው፣ ከመልእክቶቹ ጋር ላኩልኝ። ለካ እርስዎም የአደራ ሰው ኖረዋል።"

ስልኩን ተው ያሉት ጋሽ ደምለው ራሳቸው ናቸው።

"ልጁ ምንም አያውቅ። እኔ ነኝ የከለከልሁት" አሉ። "ነገር ካለህ ከኔ ጋር ነው። ደብረ ማርቆስ ና፤ የሾፌሩን ቤት በል፤ ሁሉ ያሳይሃል።"

"እንመጣለን አባባ፣ ምን ችግር አለ። መጀመሪያ ግን ልጁን እንቀበለው። ፎቶው እጄ ላይ ነው፤ አንሳሳተውም።"

ተዘጋ።

"አውሮፕላኑ መቼ ይገባል?" አሉ ጋሽ ደምለው።

"አንድ ሰዓት ላይ" አለች ፀደንያ። የዓባይን በረሃ ወርዶ ወጥቶ በሦስት ሰዓት አዲስ አበባ የገባ መኪና እንደሌለ ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም። የአየር መንገዱን ባልንጀራ ሞከረችው፤ ስልኩ ዝግ ነው። አዲስ አበባ ያለ ዘመድ ቢላክስ? ዘመድ ሄዶ ምን ሊሆን፤ ሁለተኛ ሰው መጨመር ነው።

"የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ፖሊስ ጋ ደውዪ።"

"አባዬ፣ እነዚያን ከረጢቶችም አድርሷል እኮ! እሱንም ያስሩታል!"

"ደውዪ አልሁሽ።"

ከብዙ ጥበቃ በኋላ አንድ የደከመው ድምፅ አነሣ። ጋሽ ደምለው ስልኩን በሁለት እጃቸው ያዙት።

"ጌታዬ፣ አካለ ወልድ ደምለው የሚባል ልጅ አንድ ሰዓት ላይ ከማዳጋስካር ይገባል። በሩን ሳያልፍ፣ እዚያው ውስጥ ያዙልኝ።"

"እርስዎ ማን ነዎት?"

"አባቱ ነኝ።"

"ልጅዎ ምን አድርጎ?"

"አደራ አድርሶ" አሉ ጋሽ ደምለው።

በወዲያኛው በኩል መሳቢያ ሲከፈት፣ ወረቀት ሲገለጥ ተሰማ። "እስቲ ስሙን እንደገና" አለ ሰውዬው፣ "ቀስ ብለው።"