ስም ያልወጣለት ገጽ

በእኛ አገር ሙሽራ የአባቷን ቤት ስም ይዛ አማቷ ቤት አትዘልቅም። ዘመድ በተሰበሰበበት አማቷ አዲስ ስም ታወጣላታለች፤ ጥሩዬ፣ ዘመናይ፣ እታለም፣ ልቧ ያመጣላትን። ከዚያ ወዲያ የባሏ ወገን ሁሉ በዚያ ስም ይጠራታል። ስም የወጣላት ምራት የቤቱ ሰው ናት፤ ያልወጣላት ግን እንግዳ ሆና ትኖራለች። እኔ ሙሉቀንን አግብቼ፣ ልጅ ወልጄ፣ ልጄም ትምህርት ቤት ገብቶ ስም አልወጣልኝም ነበር።

አማቴ እማማ ቦጋለች ክፉ ሴት አይደሉም። ክፉ ቢሆኑማ በቀለለኝ፤ ለክፉ አማት የሚሆን ምላስ እግዜር አልነሳኝም። ደግ ናቸው። ከጋይንት፣ ከቤተ ልሔም በኩል በመጡ ቁጥር ገብሱን፣ ባቄላውን፣ በሶውን ሸክፈው ነው የሚመጡት። ብቻ እኔን የሚጠሩበት ቃል የላቸውም። ሐረገ ወይን እንዳይሉኝ የአባቴ ቤት ስም ነው፤ ነውር ነው። ሌላ ስም ደግሞ አላወጡልኝም። ስለዚህ ጨው ሲፈልጉ እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ ልጃቸውን “ጨው ታቀብለኝ በላት” ይሉታል። ሙሉቀን መልእክቱን ከማድረስ ጨውን ማቀበል ይቀለዋል።

ነገሩ ከየት እንደመጣ አላጣሁትም። ሙሉቀን እመቤት የምትባል እህት ነበረችው። ለአማቴ አንድያ ሴት ልጃቸው ነበረች። ሠርጋችን ሊደርስ ሲል ታመመች፣ ሳትሰነብትም ሞተች። ሠርጉ ያለ ከበሮ አለፈ፤ ስም ማውጣቱም ሐዘኑ ሲወጣ ይደርሳል ተባለ። ሐዘን ወጣ፣ ጥቁሩ ልብስ ተቀየረ፣ ስሙ ግን የውሃ ሽታ ሆኖ ቀረ። የሚያንገበግበኝም እሱ ነበር፤ ሰው እንዴት ዝም ተብሎ ይታለፋል?

በሁለት ሺህ ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ የአውድማ ወራት ላይ፣ እማማ ቦጋለች ከእህል ክምር አጠገብ ወድቀው ቀኝ ጉልበታቸው ተሰበረ። ወጌሻውም ሐኪሙም የቻሉትን አደረጉ፤ አጥንቱ ገጠመ፣ ጉልበቱ ግን አልታጠፍም አለ። እኛ ዘንድ፣ መካነ ኢየሱስ ከተማ፣ አመጣናቸው። ሕመሙን ችለውት ነበር። ያልቻሉት ደወል እየሰሙ ቤት መቀመጡን ነው። ሰንበት በመጣ ቁጥር ነጠላቸውን አጣፍተው ፊታቸውን ወደ በሩ አድርገው ይቀመጣሉ። እኔም ወጥ ማማሰሉን ትቼ እሳቸውን አያለሁ።

እኔ እዚሁ ከተማ ባለ የቴክኒክ ኮሌጅ የማሽን ስዕል በኮምፒውተር አስተምራለሁ። ገበያ ላይ ያለው ተሽከርካሪ ወንበር ፊተኛው ጎማው ትንሽ ነው፤ በኛ ኮረኮንች ሁለት ክንድ ሳይሄድ ይተከላል። እግር ዘርግቶ መቀመጥም አይቻልበትም። ስለዚህ በብስክሌት ጎማ የሚሄድ፣ ለቀኝ እግር ረጅም ማሳረፊያ ያለው ወንበር ራሴ ልሥል፣ የብየዳ መምህሩ ፈንታው ደግሞ ከተማሪዎቹ ጋር ሊሠራው ተስማማን። ለግንቦት ልደታ ይደርሳል አልሁ። ጽድቅ ብቻ ፈልጌ ነው ብል ውሸት ነው። ስም ፈልጌ ነው። ያን ወንበር ሲያዩ ምናልባት ከአፋቸው የሆነ ቃል ያመልጣቸው ይሆናል ብዬ ነው።

ሥራው እንዲህ ነው። የወንበሩን ክፍሎች፣ ቧንቧውን፣ ጎማውን፣ መቀመጫውን፣ ለየብቻ እሥላቸዋለሁ። ከዚያ ይህን የጎማ ገጽ፣ ማለት የውጭ ፊቱን፣ ጎማው ከሚዞርበት ዘንግ ገጽ ጋር አጣምር ብዬ ኮምፒውተሩን አዛለሁ። እሱ የብረቱን ገጽ ሁሉ በተሣለበት ተራ በቁጥር ነው የሚያውቀው፤ ገጽ አርባ፣ ገጽ አርባ አንድ እያለ። መሐል ላይ አንድ ቧንቧ ከተጨመረ ቁጥሩ ይሸጋሸግና ትናንት አርባ አንድ የነበረው ዛሬ ሌላ ሆኖ ይገኛል።

ይህን ለተማሪዎቼ ስንት ጊዜ ነግሬያለሁ። ራሴ ግን ቸኩዬ በቁጥሩ አጣመርሁት። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እማማ ቦጋለችን ጋቢያቸውን እንደለበሱ ስለካቸው መቀመጫው ሊጠባቸው ሆነ። ከአልጋቸው ፊት ለፊት ባለው ኮምፒውተሬ ላይ ማስፊያ ቧንቧ ጨመርሁበት። ወንበሩ ዓይኔ እያየ ተበተነ። አንደኛው ጎማ ራስ ማስደገፊያው ላይ ወጣ፤ የእግር ማሳረፊያው ከመቀመጫው ሥር ተወሸቀ።

ከኋላዬ ሳቅ ሰማሁ። እማማ ቦጋለች አልጋቸው ላይ ሆነው ስክሪኑን ሲያዩ ቆይተዋል። ከወደቁ ወዲህ ሲስቁ ሰምቻቸው አላውቅም። ሙሉቀን ወጥቷል፤ በመልእክተኛ እንዳያናግሩኝ ሰው የለም።

“ምን ሆኖ ነው እንዲህ የተበተነ?” አሉኝ፣ እኔኑ።

“ስም ስለሌላቸው ነው፣ እማማ። በቁጥር ነው የሚያውቃቸው። አንድ ነገር በተለወጠ ጊዜ ማን የማን እንደነበረ ይጠፋበታል።”

“እና ምን ይሻለዋል?”

“ስም ማውጣት ነው። ስም የወጣለት ገጽ ወንበሩ ቢሰፋም ቢጠብም አይጠፋም። ጎማውንና ዘንጉን ባንድ ስም ከጠራኋቸው ደግሞ ራሳቸው ተፈላልገው ይገጥማሉ።”

ሌላ ነገር ለማለት አልነበረም፤ ስለ ብረት ነበር የማወራው። ከአፌ ከወጣ በኋላ ግን ፊቴ ጋለ። ወደ ስክሪኑ ዞሬ የማላነበውን ማንበብ ጀመርሁ።

“ዘመዶቼ ካሳነሽ በያት አሉኝ” አሉ ቆይተው። “እግዜር ሴት ልጅ ወስዶ ሴት ልጅ ሰጥቶሻል፣ ካሳነሽ በያት አሉ። አፌ እምቢ አለ። እመቤትን ማን ይክሳታል? አንቺስ የሰው ምትክ ልትሆኝ ነው ወይ ከእናትሽ ቤት የወጣሽ? ሌላ ስም አስቤ አስቤ አልመጣልኝም። ጊዜው እየራቀ ሲሄድ ደግሞ አፈርሁ።”

ለስንት ዓመት ያዘጋጀሁት ነገር ነበረኝ። በሆዴ ስስለው የኖርሁት ቃል ሁሉ ነበረኝ። ካሳነሽ ብለውኝ ቢሆን ኖሮ ግን ሰው በጠራኝ ቁጥር የሞተችው ልጅ ናት የምትጠራው፤ እኔ አቤት ባይ ብቻ። ይህን ከእኔ በፊት እሳቸው አስበውልኛል። ለካ ያ ሁሉ ቂሜ በከንቱ ባክኖ ኖሯል። ተነስቼ ትራሳቸውን አስተካከልሁላቸው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራው የሁለታችን ሆነ። ከኮሌጅ ስመለስ “ዛሬስ ማን ማን ስም ወጣለት?” ይሉኛል። እየቆጠርሁ እነግራቸዋለሁ፤ የጀርባ መደገፊያ፣ የክንድ ማረፊያ፣ የጉልበት ማሳረፊያ። የጉልበቱን ስሰይም “ለሱስ አጥብቀሽ አውጭለት፣ አመለኛ ነው” አሉ።

ጎማዎቹ ላይ ግን ደግሞ ተሳሳትሁ። የግራውን ጎማ ከነዘንጉ ማቀፊያ ሠርቼ ቀኙን ከሱ ቀዳሁት፤ ስሙም አብሮ ተቀዳ። መጠኑን ስለውጥ ሁለቱም ጎማዎች ባንድ ወገን ተደራርበው ቁጭ አሉ። ሁለት ልጅ ባንድ ስም ጠርቶ አንዱ ብቻ ይምጣ አይባልም። ግራና ቀኝ ብዬ እንዳልለያቸው ደግሞ ስዕሉ ሲዞር የተማሪዎቼም ግራና ቀኝ አብሮ ይዞራል፤ አንዴ በዚያ ሰበብ ማቀፊያውን በተቃራኒው ሊበይዱት ደርሰው ፈንታው ነው ያዳነው። ስለዚህ አገሬው በማይስተው ሰየምኋቸው። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ፊቱን ወደ መቅደስ ላዞረ ሰው ሴቶች በቀኙ፣ ወንዶች በግራው ናቸው። አንዱን ዘንግ የወንዶች በር፣ ሌላውን የሴቶች በር አልሁት፤ ለጎማዎቹም እንደዚያው።

እማማ ቦጋለች ብረት እንዲህ መባሉን አልወደዱትም። “ደጀ ሰላም አደረግሽው እኮ” አሉና አማተቡ። ከዚያ የታመመው ጉልበታቸው በሴቶቹ በር በኩል መዋሉን ሲያዩ ይሁን ግዴለም አሉ።

ስሞቹ ሁሉ ከወጡ በኋላ መቀመጫውን አሰፋሁት፤ አጠበብሁት፤ መልሼ አሰፋሁት። ምንም አልተበተነም። ጎማዎቹን አውጥቼ ባዶ ቦታ ላይ ጣልኋቸው፤ እያንዳንዱ ወደ ስሙ ሄዶ ገጠመ። እማማ ቦጋለች ክርናቸው ላይ ተነስተው “እስቲ ድገሚው” አሉኝ። ደገምሁት። ደስታ እንዲህ ሲያምርባቸው አይቼ አላውቅም።

ወንበሩ ለልደታ ደረሰ። ፈንታው ቀለም ቀብቶ አመጣው፤ እግር ማሳረፊያው ላይ ትንሽ ፍራሽ ሰፍቼ አለበስሁት። ነጭ ልብሳቸውን ለብሰው ተቀመጡ፤ እኔ ገፋሁ፣ ሙሉቀን ልጃችንን ይዞ ከፊት ሄደ። ኮረኮንቹን እየተንገጫገጭን ወጣነው። መንገደኛው ሁሉ እየቆመ እንኳን አደረሰዎ ይላቸዋል፤ እሳቸው ስለ ወንበሩ ያወራሉ፣ ማን እንደሠራው ሲጠየቁ “ቤት ነው የተሠራ” ይላሉ። ቤት! ሆዴን ቅር አለው። ገባኝ ካልሁ በኋላም፣ ይቅር ካልሁ በኋላም፣ ያን አንድ ቃል መጠበቄን አልተውሁም ነበር።

ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር በር ላይ ከቤተ ልሔም ለበዓሉ የመጡ አበራሽ የሚባሉ የልጅነት ጓደኛቸውን አገኘን። ተሳሳሙ፣ ተላቀሱ። ከዚያ እማማ አበራሽ ወደኔ ቀና አሉ።

“ይችስ ማን ናት?”

“የሙሉቀን ሚስት ናት።”

“እሱንማ አየሁት። ማን ብለሽ ነው የምትጠሪያት?”

እጀታውን እንደያዝሁ ቀረሁ። ከአማቴ ኋላ ስለቆምሁ ፊታቸው አይታየኝም፤ የሻሻቸውን ቋጠሮ ብቻ ነው የማየው። ሰው በአጠገባችን እየተሳለመ ያልፋል። እማማ አበራሽ መልስ ይጠብቃሉ።

“አለኝታዬ” አሉ እማማ ቦጋለች። “አለኝታዬ ነው የምላት።”

ዘመን ሙሉ ሲጠሩበት እንደኖሩ ሁሉ ድምፃቸው አልተንቀጠቀጠም። እማማ አበራሽ ደግ ስም ነው ብለው መረቁኝ። እኔ ዞሬ ፊታቸው መጣሁ። ስም የወጣላት ምራት የአማቷን ጉልበት ትስማለች፤ ወጉ ነው። የታመመውን እንዳልነካ ተጠንቅቄ ወደ ግራው ጎንበስ ስል በእጃቸው ትከሻዬን ያዝ አደረጉኝ።

“እሱን አይደለም፣ አለኝታዬ” አሉኝ ቀስ ብለው። “የታመመውን ሳሚልኝ። የደከምሽለት እሱ ነው።”

የታመመውን ሳምሁት።