የሾላው መታጠፊያ

አቶ ወንድይራድ ባዩ ግንቦት አሥራ ስምንት ቀን፣ ሰኞ ጠዋት፣ ሾላውን የሚዞረውን አርባ ሁለት ሜትር መንገድ እንደ ሰሌን ጠቅልለው ጎተራቸው ውስጥ አስገቡት። መንገዱ ደረቅ ስለነበር ብዙም አልከበደም። ባለቤታቸው እትዬ ሸዋረገድ አንዱን ጫፍ ይዘው ረድተዋቸዋል። ከሰዓት በኋላ ቦታው ታረሰ፤ በሐምሌ ጤፍ ተዘራበት።

ይህ ማንንም ባልጎዳ ነበር። ችግሩ፣ መንገዱ ሲጠቀለል ደብሪቱ እሸቴ ገና እላዩ ላይ እየሮጠች ነበር።

አንድ ቀን ቀደም ብሎ፣ እሑድ ዕለት፣ የታሪካዊ መንደሮች የአሥራ አምስት ኪሎ ሜትር ሩጫ ተካሂዷል። ሩጫው ከወረዳው ከተማ ይነሳና ዓይን እስኪታክተው ድረስ የተዘረጋውን ሜዳ ይዞ፣ በአሮጌዎቹ መንደሮች በኩል ዞሮ ይመለሳል። ከመንደሮቹ አንዷ ድንኳን ሜዳ ናት። በድሮ ጊዜ አንድ ንጉሥ ድንኳናቸውን ተክለው ሦስት ክረምት ከርመውባታል ይባላል። ከዚያ ሁሉ ክብር የቀራት የፈረሰ የድንጋይ ካብ፣ አንድ ቤተ ክርስቲያንና ያ ሾላ ነው። ንጉሡ ሥሩ ለችሎት ይቀመጡ ስለነበር መንገዱ ሾላው ጋ ሲደርስ በአክብሮት ዞር ብሎ ያልፋል።

ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ የሚወጡት ክለብ ይገባሉ ተብሎ ነበር። ደብሪቱ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ክለቡ ከዚያ በላይ ዕድሜ አይቀበልም። ስለዚህ ይህች ዕድል የመጨረሻዋ ነበረች። ሾላው ጋ ስትደርስ ከፊቷ ማንም አልነበረም። እሷ መንገዱን ተከትላ ዞረች። ከኋላዋ የነበሩት ሦስቱ የአቶ ወንድይራድን እርሻ አቋርጠው ፊቷ ላይ ወጡ። ከእነሱ ኋላ የመጣውም ሁሉ እነሱን አይቶ በዚያው ገባ። ደብሪቱ አራተኛ ወጣች።

አቤቱታ አስገባች። የሩጫው ኮሚቴ ረቡዕ ዕለት ሜትር ይዞ መጣ። ሾላው ነበረ፤ መታጠፊያው አልነበረም። ሯጮቹ የረገጡት የእርሻው አፈር ግን ቀጥ ያለ መንገድ ሆኖ ጠብቋቸዋል።

የኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ኤፍሬም ዙሪያውን አዩ።

«እህቴ፣ መታጠፊያው የታለ?»

«እዚህ ነበር።»

«እዚህማ እርሻ ነው።»

«እሑድ መንገድ ነበር።»

«መንገዱ ይኸው ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ታዲያ አንቺ በየት በኩል ነው የሮጥሽው?»

የኮሚቴው ደብዳቤ በሳምንቱ ደረሳት። ሦስቱ ሯጮች በመንገዱ ላይ ሮጠዋል፤ ደብሪቱ እሸቴ ግን ከተፈቀደው መስመር ወጥታ በሾላ ዙሪያ ስለዞረች፣ በዚያም ላይ ሰው በሐሰት ስለከሰሰች፣ ውጤቷ ተሰርዞ ለሁለት ዓመት ታግዳለች ይላል። ማኅተሙ በደንብ አርፎበታል። መንገዱን ጠብቃ የሮጠች አንዲት እሷ፣ ከመንገድ ወጣሽ የተባለችም አንዲት እሷ! ደብሪቱ ደብዳቤውን ሁለቴ አነበበችው። አላለቀሰችም። ተናደደች፤ ንዴቷም እዚያው ደረቷ ላይ ቤት ሠራ።

ትንፋሿም አልተመለሰም። ከእሑድ ጀምሮ፣ ተቀምጣም ተኝታም፣ በእጇ ያሰረችው የሩጫ ሰዓት የልቧን ምት መቶ ሰማንያ አራት ይላል። ጤና ጣቢያ ሄደች።

«ከየት ነው እየሮጥሽ የመጣሽው?» አለቻት ነርሷ።

«አልሮጥኩም። በጋሪ ነው የመጣሁት።»

«እሺ፣ ትንሽ አረፍ በይና እለካሻለሁ።»

ደብሪቱ አግዳሚው ላይ እስከ ምሳ ሰዓት አረፈች። መቶ ሰማንያ አራት ነበር። ነርሷ ውኃ ጠጪ አለቻት።

አራት ወር እንዲህ አለፈ። በመስከረም መጨረሻ ደብሪቱ ያንን መንገድ ለብቻዋ ልትሮጠው ወጣች። እግድ ሰውን ከውድድር እንጂ ከሜዳ አያግድም። ድንኳን ሜዳ ስትደርስ በአቶ ወንድይራድ አጥር በኩል ኮቴ ሰማች። ቆመች። ኮቴው አልቆመም። ግራ እግሩ ከቀኙ ጠንከር አድርጎ ይረግጣል። ደብሪቱ በልጅነቷ ቀኝ ጉልበቷን ተሰብራ ስለነበር ይህን አረጋገጥ ታውቀዋለች፤ የራሷ ነው።

ኮቴው ከጎተራው ነበር የሚመጣው። አቶ ወንድይራድ ደጃፋቸው ላይ ሞፈር ይጠርባሉ።

«ጋሼ፣ ጎተራዎ ውስጥ ያለው ምንድነው?»

«መንገድ ነው።»

«የማን መንገድ?»

«የማንም። እሑድ ዕለት ያ ሁሉ ሰው ያረስኩትን ረግጦት ሄደ፤ መንገዱን ትቶ። የማይረገጥ መንገድ ምን ያደርጋል ብዬ አነሳሁት። እነሱ እርሻዬን መንገድ ካደረጉት፣ እኔም መንገዱን እርሻ አደረግኩት።»

«እኔ ረግጬዋለሁ! እኔ ዞሬያለሁ!»

አቶ ወንድይራድ መጥረቢያቸውን አስቀመጡ። «አንቺ ነሻ» አሉ። «አቧራው ሳይሰክን ነው የጠቀለልኩት። ጥፋቱ የኔ ነው።»

እትዬ ሸዋረገድ ከውስጥ ብቅ አሉ። «አራት ወር ሙሉ እንቅልፍ የነሳችን ይቺ ናት?» ብለው ደብሪቱን ከላይ እስከ ታች አዩአት።

ሽማግሌዎች ተጠሩ። ሦስቱም ጋቢያቸውን አጣፍተው ግቢው ውስጥ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ጥቅልሉ ከጎተራው ወጥቶ ተፈታ። መንገዱ ግቢው ውስጥ ተዘረጋና ሾላውን እንደዞረ ሁሉ የጭዱን ክምር ዞረ። እላዩ ላይ 217 ቁጥር ደረቷ ላይ የለጠፈች ደብሪቱ ትሮጣለች። ከንፈሯ ደርቋል። ወደ ግራም ወደ ቀኝም አታይም። ጫፉ ላይ ስትደርስ መጀመሪያው ላይ ትገኛለች።

ሽማግሌዎቹ ሰባት ጊዜ ስታልፍ አዩ። ከዚያ ትልቁ፣ አባባ ጌጡ፣ ተናገሩ።

«መንገዱ የመንገደኛ ነው፤ ወንድይራድ አጥፍቷል። ቦታው ላይ ያለው ጤፍ ግን ዛላ ይዟል፤ ዛላ የያዘ ጤፍ አይረገጥም። ታኅሣሥ ላይ እስኪታጨድ መንገዱ እዚሁ ይቆይ። ልጅቷም እላዩ ላይ ትቆይ።»

«አባባ፣ እስከ ታኅሣሥ እንዴት አድርጌ ልተንፍስ?»

«ቀስ እያልሽ።»

ደብሪቱ ሦስቱንም ተራ በተራ አየቻቸው። ክፉ ሰዎች አልነበሩም። እሷን ያንገበገባት ይኸው ነበር፤ ከኮሚቴው እስከ ሽማግሌው ማንም ክፉ አልነበረም፣ እሷ ግን አራት ወር ሙሉ ትሮጣለች።

«እትዬ» አለች፣ «ነጠላዎን ያውሱኝ።»

ነጠላውን በመንገዱ ጫፍ ላይ ወጥረው ያዙት፤ በአንድ በኩል እትዬ ሸዋረገድ፣ በሌላ በኩል ደብሪቱ። 217 የጭዱን ክምር ዞራ መጣች። ነጠላውን ስታይ ፍጥነት ጨመረች፤ በደረቷ ገፍታ ከእጃቸው አስለቀቀችውና ቆመች። እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ጎነበሰች።

ሰዓቱ መቶ ሃምሳ አለ። መቶ ሃያ አለ። ሰባ ሁለት አለ። ደብሪቱ ከግንቦት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ ሆዷ ድረስ ተነፈሰች። አየሩ የአደይ አበባ ሽታ ነበረው።

217 ቀና አለች።

«ስንተኛ ወጣሁ?»

እትዬ ሸዋረገድ ደብሪቱን በዓይናቸው ለመኗት። አቶ ወንድይራድም «በያት» በሚል ራሳቸውን ነቀነቁ። አንዲት ቃል፣ አንደኛ ማለት፣ ምን ይጎዳ ነበር? ደብሪቱ ግን ውሸት ያለበት ደብዳቤ በኪሷ ይዛ ሌላ ውሸት መጨመር አልሆነላትም።

«አራተኛ» አለች።

«ማን ቀደመኝ? ከፊቴ ማንም አልነበረም።»

«አቋርጠው ወጡ። ኮሚቴው እነሱን አጸደቀ። አንቺን ሰረዘሽ።»

217 ጎንበስ ብላ የጫማዋን ክር አጠበቀች፣ ወደ መንገዱ መጀመሪያ ተመለሰች።

«ነጠላውን አንሺው» አለች። መሮጥ ጀመረች። ሰዓቱ መቶ አለ፣ መቶ ሃምሳ አለ፣ መቶ ሰማንያ አራት ላይ ቆመ።

ደብሪቱ መንገዱን ራሷ ጠቀለለችው።

«ወዴት ነው?» አሉ አባባ ጌጡ።

«ወደ ኮሚቴው። ጠረጴዛቸው ላይ እዘረጋዋለሁ።»

«ለማስረጃ ከሆነ ይሁን። ለአጨዳ ግን መልሺው።»

እትዬ ሸዋረገድ ልጆቻቸውን ሁሉ ያዘሉበትን አንቀልባ አመጡላት። ደብሪቱ ጥቅልሉን አዘለችና ጠፍሩን ደረቷ ላይ አሰረች። ኮቴው ጀርባዋን ይደልቃታል፤ ግራው ጠንከር ይላል።

እስከ ከተማው ስምንት ኪሎ ሜትር ነው። ማታ ዝናብ ጥሎ ስለነበር ዋልካው ጭቃ ነበር። በየእርሻው መሐል የሚያቋርጡ የእግር መንገዶች ሞልተዋል፤ በአንዱም አልገባችም። ሽማግሌዎቹ ከግቢው ወጥተው፣ ከሾላው ሥር ሆነው በየመታጠፊያው ስትዞር አዩአት። አገሩ ሜዳ ስለሆነ እስክትሰወር ብዙ ቆየች።

ከዚያ አባባ ጌጡ በትራቸውን ተደግፈው ወደ መንገዱ ወረዱና ጭቃውን አዩ። ዱካው የሁለት ሰው ነበር፤ የአንዷ ሙሉ ጫማ ነው፣ የሌላዋ እንደሚሮጥ ሰው የጫማ ጫፍ ብቻ። በጫማ ጫፏ የምትረግጠው ከፊት ነበረች።