የአመዴ ቁጥር

«ጭንቅላቱን ያዝ ያድርጉልኝ» አለ ወልደሥላሴ። የሬክስን የጆሮ ጫፍ በአልኮል ጠርጎ መርፌውን አስጠጋ።

የሬክስ ባለቤት ከተማ ውሻውን በጉልበቶቹ መካከል አስገብቶ ያዘው። ጉልበት አላስፈለገውም። ከወር በፊት በአጥሩ ሥር ሰው ባለፈ ቁጥር ሰንሰለቱን ሊበጥስ ይደርስ የነበረው ጀርመን ሼፐርድ፣ መርፌው ሲወጋው ዓይኑን እንኳ አላርገበገበም። ድዱ ገርጥቷል። በግራ ዓይኑ ላይ ሰማያዊ የመሰለ ጉም ወጥቶበታል። ወልደሥላሴ የደሙን ጠብታ በትንሽ መስታወት ላይ አሳርፎ በሌላ ስስ መስታወት ከደናት፤ ምግብ ከተወ ስንት ቀን እንደሆነውም ጠየቀ።

«አምስት ቀን» አለች የከተማ ሚስት አበዛሽ ከበሩ ላይ ሆና። «ሥጋ ቀቅዬ ሰጠሁት፣ ወተት ሰጠሁት። ለሰው እንኳ እንዲህ አላደረግሁም።»

«እኔን ማለቷ ነው» አለ ከተማ፣ ፈገግ ሳይል።

ከተማ በባሮ ዳርቻ ያለው የእህል መጋዘን ኃላፊ ነው፤ ቤቱም እዚያው ግቢ ውስጥ ነው። በዚያ ላይ የቀበሌው የውሻ ኮሚቴ ጸሐፊ ሆኖ ተመርጧል። ወልደሥላሴ ደግሞ የእንስሳት ጤና ረዳት ሲሆን በጋምቤላ ከእሱ በላይ የሚያክም ስለሌለ ሁሉም «ዶክተር» ይለዋል። መጀመሪያ ላይ ያርም ነበር፤ በሁለተኛው ዓመት ተወው።

ሬክስ ጋምቤላ የገባው ከዘጠኝ ወር በፊት፣ በ1978 ጥር ላይ ነበር። አቦቦ አጠገብ ግድብ ከሚሠሩት የውጭ አገር መሐንዲሶች አንዱ ወደ አገሩ ሲመለስ ለከተማ ትቶለት ሄደ። ከገልባጭ መኪና ላይ ሲወርድ ግማሹ የጋምቤላ ሰው ወጥቶ አየው። ጆሮው ቀጥ ያለ፣ በባዕድ ቋንቋ «ተቀመጥ» ሲሉት የሚቀመጥ ውሻ አይተው አያውቁም ነበር። ከዚያ በኋላ የመንግሥት ሠራተኛው ሁሉ ከግድቡ ቡችላ ለማግኘት ሰው መላክ ጀመረ። መምህራን ሳይቀሩ በስብሰባ እረፍት ስለ ውሻ ዘር ያወሩ ነበር። ጆሮው የወደቀ ውሻ ያለው ሰው እንግዳ ሲመጣበት ውሻውን ወደ ጓሮ ማባረር ለመደ።

ከዚያ በፊት በጋምቤላ ጥሩ ውሻ የሚባለው የቱት ውሻ ነበር። ቱት የመጋዘኑ ዘበኛ ነው። አመዴ የምትባለው ሴት ውሻው ቀጭን፣ አጭር ጸጉር ያላት፣ ዝምተኛ ናት። ስሟን ያወጡላት ደገኞቹ ናቸው፤ ሁልጊዜ አመድ ላይ ተኝታ ስለሚያዩዋት ነው። ለቡችሎቿ ገና ሳይወለዱ ቀጠሮ ይያዝላቸው ነበር፤ ከብት ጠባቂዎች ከወንዙ ታች በጀልባ መጥተው ይወስዷቸዋል። ዘንድሮ ግን አራት ወልዳ አንዱንም የጠየቀ የለም።

ሐምሌ ላይ አንድ ያበደ ውሻ ሁለት ሰዎች ነከሰ። ኮሚቴው የተቋቋመው ያን ጊዜ ነው። ውሳኔውም አጭር ነበር፤ የውጭ ዝርያ ወይም ድቅል የሆኑ ውሾች ተከትበው የአንገት ቁጥር ይሰጣቸዋል፤ ቁጥር የሌለው ውሻ በዘመቻው ቀን የተመረዘ ሥጋ ይጣልለታል። የዘመቻው ቀን ነገ ነው። መርዙን ለክቶ የሚያዘጋጀው ወልደሥላሴ ነው። ቱት ለአመዴ ቁጥር እንዲሰጣት ሁለት ጊዜ ጠይቆ ሁለቴም ዝርያ እንደሌላት ተነግሮታል።

ወልደሥላሴ መስታወቷን በመዳፉ ጋርዶ ወደ ክሊኒኩ ፈጠን ብሎ ሄደ። ማይክሮስኮፑን በመስኮቱ በኩል ወደሚገባው ብርሃን አዙሮ ዓይኑን አስጠጋ። ብዙ መፈለግ አላስፈለገውም። በደም ሕዋሳቱ መካከል ክር የመሰሉ ነገሮች እየተጠማዘዙ ይዋኛሉ። ገንዲ ነው፤ ዝንብ በንክሻው የሚያስተላልፈው የከብት በሽታ። በላም ደም ውስጥ መቶ ጊዜ አይቶታል፤ በውሻ ደም ውስጥ ሲያየው የመጀመሪያው ነበር።

የገንዲ ዝንብ በወንዙ ዳር ቁጥቋጦ ውስጥ እንደልብ ነው። ያልገባው ነገር፣ አመዴ በዚያው ዳርቻ አምስት ዓመት ስትኖር ለምን እንዳልታመመች ነው። ሁለት ንጹሕ መስታወት በጨርቅ ጠቅልሎ ወጣ።

የቱት ጎጆ ከመጋዘኑ ሁለት መቶ እርምጃ ያህል ወደ ታች ነው። ባለቤቱ ኛኩዋት ዓሣ እየሰነጠቀች ገመድ ላይ ታሰጣለች። በደጁ የኩበት ክምር ይጨሳል፤ ጭሱ ዝቅ ብሎ ወደ ወንዙ ይሄዳል። አመዴ ከአራት ቡችሎቿ ጋር አመዱ ውስጥ ተጋድማለች። ከነጭነቷ የተነሳ ዱቄት ውስጥ የወደቀች ትመስላለች።

ኛኩዋት ቀና ብላ አየችው። «ዶክተር ዛሬ መጣ። ዘመቻው ነገ አይደለም እንዴ? ቀን ረሳ?»

ወልደሥላሴ ደም ሊወስድ ብቻ መምጣቱን ነገራት።

«መጀመሪያ ደም፣ ከዚያ ሥጋ» አለች ኛኩዋት። «ጥሩ እንግዳ ነህ።»

ቱት ከጎጆው ወጣ። ረጅም ነው፤ ከበሩ የወጣው ወገቡን አጥፎ ነው። ባለቤቱን በቋንቋቸው አንድ ነገር ብሏት ውሻዋን በአንገቷ ያዘለት። ወልደሥላሴ ከጆሮዋ ደም ወሰደ፤ ድዷንም ገልጦ አየ፤ እንደ ቲማቲም ቀልቷል። እዚያው ቁጭ ብሎ፣ በዳርቻው ያሉትን ከብቶች ገንዲ የሚያሲዘው ዝንብ ውሾቹን እንዴት እንደሚተው ጠየቀ።

ቱት ጭሱን በአገጩ አሳየው። «ዝንብ ይህን አይወድም። ላም እዚህ ታድራለች፣ ሰው እዚህ ያድራል፣ ውሻም እዚህ ያድራል። አመድ ደግሞ ቀን ቀን ልብስ ነው።»

«እንግዲያው በመጋዘኑ በር ላይ ለምን አታጨስም? በፊት አላጨስክም ነበር?»

ቱት ውሻዋን ለቀቃት፤ ተመልሳ አመዱ ላይ ተኛች።

«አንተ ነህ የከለከልከው» አለ ቱት። «ጓድ ከተማ ወረቀት አሳየኝ። ጭስ የሬክስን አፍንጫ ያበላሻል፣ ይራቅ ይላል። ዶክተር ፈርሟል አለኝ። እሳቱን ወደዚህ አመጣሁ፤ አመዴም ተከተለችኝ።»

ወልደሥላሴ ወረቀቱን አስታወሰው። ሬክስ በመጣ በሳምንቱ ስለ ፖሊስ ውሾች የተጻፈ መጽሐፍ አገላብጦ ሰባት ምክር ጽፎ ነበር። ውሻው ከጭስ ይራቅ፤ በየቀኑ ይታጠብ፤ ቀትር ላይ ጥላ ያለው ቦታ ይታሰር። ከተማም እንደተባለው አድርጓል፤ በየቀኑ ባሮ ወርዶ አጥቦታል፣ ቀትር ላይ ቁጥቋጦው ሥር አስሮታል። ከአመድና ከጭስ አጽድቶ ለዝንቡ አቅርቦታል።

ወደ ክሊኒኩ ተመልሶ የአመዴን ደም አየ። ምንም የለም። ሁለተኛውንም መስታወት አየ። አንድ ጠብታ ደም ሁሉንም ነገር እንደማይናገር ያውቃል፤ ቢሆንም ከቀላው ድድ ጋር ሲደመር ለእሱ በቂ ነበር። ከዚያ በጋዝ የሚሠራውን ፍሪጅ ከፍቶ የውሻ ክትባቱን ቆጠረ። አርባ ስምንት ብልቃጥ ነው። ኮሚቴው እንዲከተቡ የፈቀደው አሥር ውሾች ብቻ ነበሩ። የመርዙን ሣጥን እንደተቆለፈ ትቶ የገንዲ መርፌ፣ አንድ ብልቃጥ ክትባትና የውሾቹን መዝገብ ይዞ ወጣ።

ከተማ በረንዳው ላይ አገኘው። ወልደሥላሴ ያየውን ሁሉ አንድ በአንድ ነገረው። መርፌው ሬክስን ሊያድነው እንደሚችል፣ ነገር ግን ዝንቡ በማግሥቱ ሊነድፈው እንደሚችል፣ እሳቱ ወደ መጋዘኑ በር መመለስ እንዳለበት ገለጸለት።

«ቱትን ልለምነው ነው?» አለ ከተማ።

«ይጠይቁታል።»

መርፌውን ወጉት። አበዛሽ የውሻውን ራስ ይዛ ስሙን እየደጋገመች ጠራችው። ከዚያ ሦስቱም ቱት ዘንድ ወረዱ፤ ሬክስን ከተማ ራሱ ተሸከመው።

ከተማ እሳቱን እንዲመልስለት ሲጠይቀው ቱት እሺ ለማለት አልዘገየም። ግን ሬክስን አየት አድርጎ ጨመረበት። «እሳት ብቻ አይበቃም። ይሄ አመድ አያውቅም፤ ይሸሻል። ቡችላ አመድ ላይ መተኛትን ከእናቱ ያያል። ይሄን ማን ያሳየዋል? እኔ ልተኛለት?»

ኛኩዋት ዓሣው ላይ አጎንብሳ ሳቀች። አበዛሽም ሳቋን በነጠላዋ ሸፈነች።

ከተማ ግን አልሳቀም። ውሻውን ከእሳቱ ራቅ አድርጎ መሬት ላይ አኖረው። ሬክስ ጭሱን ሲሸተው ፊቱን አዞረ። አመዴ ተነስታ መጣች፤ ጎኑን አሸተተችና ተመልሳ ተኛች። ሬክስ ትንሽ ቆየ፤ ከዚያ እየተጎተተ ሄዶ ከአመዱ ጫፍ ላይ አገጩን አሳረፈ።

«ነገ እሷ ከሞተች እሱም አለቀለት» አለ ከተማ፣ ለራሱ እንደሚናገር። ወደ ወልደሥላሴ ዞሮ፣ ጸሐፊ እንደመሆኑ ዘመቻውን በአንድ ሳምንት ማስተላለፍ እንደሚችል፣ ነገር ግን ለኮሚቴው የጽሑፍ ምክንያት እንደሚያስፈልገው ተናገረ። «በሽታው ከአቦቦ ይዞት የመጣ ነው ብለህ ጻፍ፤ ማንም አይጠይቅህም። የራስህን ወረቀት ካነሳህ ግን ነገ ‘ምን የሚያውቅ ሰው ነው’ ይሉሃል። ዝውውር ጠይቀህ የለም እንዴ? ይቀርብሃል።»

ወልደሥላሴ ዝውውሩን ከጠየቀ ስምንት ወሩ ነው። እናቱ ያሉት ደብረ ብርሃን ነው። መዝገቡን ጉልበቱ ላይ ዘረጋ።

«ከአቦቦ ነው ካልኩ ጥፋቱ የውሻው ይሆናል» አለ። «ቀጥሎ የሚመጣውንም ቡችላ ያጥቡታል፣ ከጭስ ያርቁታል። የአገሩንም ውሻ ይገድሉታል።»

ጻፈ። በሚያዝያ ወር ጭስ ይራቅ ብሎ የሰጠው ምክር ስህተት እንደነበረ፣ ውሻው በዚያ ምክንያት ለገንዲ እንደተጋለጠ፣ በኩበት ጭስ የሚያድሩ የአገር ውሾች ሲመረመሩ ጤናማ ሆነው መገኘታቸውን፣ ለአርባ ስምንት ውሾች የሚበቃ ክትባት መኖሩን አሰፈረ። ‘ሲመረመሩ’ የሚለውን ሰርዞ ‘አንዷ ስትመረመር’ ብሎ አስተካከለና ፈረመ።

ከተማ አነበበው። «ሚያዝያ አልነበረም፤ ጥር ነው» አለ። ወልደሥላሴ አረመው። ከተማም ከሥሩ ‘ዘመቻው በአንድ ሳምንት ተላልፏል፤ ማንኛውም የተከተበ ውሻ ቁጥር ይሰጠው’ የሚል የውሳኔ ሐሳብ ጽፎ ፈረመ።

«ኮሚቴው ካልተስማማስ?» አለች አበዛሽ።

«ሰባት አባላት ናቸው» አለ ከተማ። «አምስቱ ከግድቡ ያመጡት ቡችላ አላቸው። ሬክስን አምጥቼ አሳያቸዋለሁ።»

ወልደሥላሴ አመዴን ከተባት። የመጨረሻውን፣ ገና ቡችላው ላልመጣለት ሹም ተይዞ የነበረውን አሥረኛውን ቁጥር ከኪሱ አውጥቶ በቆዳ ማሰሪያ አንገቷ ላይ አሰረላት። ለሌሎቹ ቱት ከዘይት ቆርቆሮ እንደሚቆርጥ ተስማሙ።

መዝገቡ ላይ የባለቤቱን ስም፣ የውሻዋን ስም፣ ዕድሜዋን ሞላ። ‘ዝርያ’ የሚለው ዓምድ ላይ ሲደርስ ቆመ። ከላይ ዘጠኝ ጊዜ ‘የውጭ’ ወይም ‘ድቅል’ የሚል ተጽፏል። ከሥሩ ‘የጋምቤላ’ ብሎ ጻፈ።

ቱት ከትከሻው በላይ ጎንበስ ብሎ አየ። «ምን አልክ እዚያ?»

«የጋምቤላ አልኩ።»

ቱት ራሱን ነቀነቀ። «እሷ ከወንዙ ታች፣ የኢታንግ ናት። እናቷም የኢታንግ ናት። የጋምቤላ ውሻ እግሩ አጭር ነው።»

ወልደሥላሴ ‘የጋምቤላ’ የሚለውን ሰርዞ ‘የኢታንግ’ ብሎ ጻፈ። በሚቀጥለው መስመር ላይም ቁጥር አሥራ አንድን አስፍሮ የዝርያውን ቦታ ባዶ ተወው፤ የሚመጣው ውሻ ባለቤት ተጠይቆ እንዲሞላው።