የሚጡ ፍራሽ እንዳይረጥብ

ጋሼ የተካነው ጀልባ መንዳት ሳይሆን ስለ ጀልባ ማውራት ነበር። አባታቸው ሞተው መሪውን ሲይዝ ግን ትችላለህ ወይ ብሎ የጠየቀው የለም፤ ታላቅ ነዋ! ታላቅ ወንድም የአባት ምትክ ነው። ታናሽየው ሞተሩን ይዞ ታች ቀረ። ሁልጊዜ “ቀስ እንበል” ስለሚል ጋሼ “ፍሬን” የሚል ስም አወጣለት።

የዚያን ቀን የጫኑት የእህታቸውን የሚጡን የቤት ዕቃ ነበር። ሚጡ ከባሏ ጋር ልትኖር ወደ ማዶ መሻገሯ ነው። ቁም ሳጥኗ በግራ በኩል ጠርዙን ተደግፎ ታሰረ፤ ፍራሾቹም ወለሉን ሞሉት።

“እነዚህ ቀዳዳዎች ውሃ ያስገባሉ እንዴ? ወይኔ ፍራሼ!” አለች ሚጡ፣ ጠርዙ ሥር ጎንበስ ብላ እያየች።

ቀዳዳዎቹ ወለሉ ላይ የወጣ ውሃ ወደ ባሕር የሚመለስባቸው ናቸው። ፍሬን ይህን አሳምሮ ያውቃል።

“ድፈንላት። ለአንድ ቀን ምን ይሆናል?” አለ ጋሼ።

ጋሼን በእህቱ ፊት ማረም የት አባቱ! ፍሬን ሆድ ይፍጀው ብሎ በሁለቱም ጎን ቀዳዳዎቹ ውስጥ ጨርቅ ጠቀጠቀ፤ ከቁም ሳጥኑ ኋላ ያሉትንም በዘንግ እየገፋ ደፈናቸው።

ሊነሱ ሲሉ የወደቡ ዘበኛ፣ “ከሰዓት ኃይለኛ ነፋስ አለ ተብሏል፤ ዛሬን ብትቀሩስ?” አላቸው። ጋሼ ሳቀ። “በሬዲዮ የሚለፈልፈው ሰውዬ እግሩን እንኳ ባሕር ውስጥ ነክሮ ያውቃል?”

እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ ይባል የለ? እስከ ግማሽ መንገድ ባሕሩ ጸጥ ብሎ ነበር። ሚጡም በመሪው ክፍል ከጋሼ ጎን ቆማ ስለ መጋረጃዋ ቀለም ስታወራ ቆየች። ከዚያ ሰማዩ በአንድ ወገን ጠቆረ፤ ነፋሱም ሳያስጠነቅቅ መጣ። ጋሼ ፍጥነት መቀነስ ሲገባው “እንቅደመው!” ብሎ ጨመረ። የመጀመሪያው ትልቅ ማዕበል ሲመታቸው ደግሞ ደንግጦ ወደ መጡበት ሊመለስ በአንዴ ጠመዘዘ። ጀልባዋ ጎኗን ለማዕበሉ ሰጠች።

ውሃው ወለሉ ላይ ወጣ፤ መውረጃ ግን የለውም። ጀልባዋ ወደ ግራ አጋደለችና በዚያው ቀረች።

ፍሬን ከሞተሩ ክፍል እየዳኸ ወጣ። መሪው ጋ ሲደርስ የጋሼን ፊት አየ፤ አመድ መስሏል። ጋሼ ሲፈራ አይቶ አያውቅም፤ ከማዕበሉ ይልቅ ያስፈራው እሱ ነው።

“ጨርቆቹ!” ብሎ ጮኸ ፍሬን።

የቀኙን በመፍቻ መንጭቆ አወጣ። የግራዎቹ ግን ከቁም ሳጥኑ ኋላ ናቸው። ብቻውን ቢገፋ ቢገፋ አልነቃነቅ አለው።

ጋሼ የሚጡን እጆች መሪው ላይ ጫነና እየተንገዳገደ መጣለት።

“አፍንጫዋን ወደ ማዕበሉ አድርጊ! ጎኗን እንዳትሰጪው!” ሲል ፍሬን ጮኸላት። ሚጡ መሪ ነክታ አታውቅም።

ገመዱን ቆረጡ፤ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ገፉ። ያን ጊዜ ማዕበሉ በላያቸው ተደፋ። ውሃው ሲሸሽ ቁም ሳጥኑም የለም፣ ጋሼም የለም።

ፍሬን ቀሪዎቹን ጨርቆች እየነቀለ ወደ ኋላ ተመለከተ። አንድ ክንድ ታየው። ባዶ ጀሪካን ወረወረለት፤ ነፋሱ መልሶ እላዩ ላይ ጣለው። ጋሼን ለመድረስ ጀልባዋን ማዞር አለባቸው፤ ካዞሯት ደግሞ ጎኗን ትሰጣለች፣ ሚጡም አለቀላት። ክንዱ እንደገና ታየው፤ ከዚያ በኋላ አላየውም።

ውሃው በቀዳዳዎቹ እየተንፎለፎለ መውጣት ጀመረ፤ ጀልባዋም ቀስ በቀስ ቀና አለች። ፍሬን ወደ መሪው ክፍል ገብቶ ከሚጡ ኋላ ቆመ፤ ዘወር ብትል እንዳታይ መስኮቱን በጀርባው ጋረደው።

“ጋሼስ?” አለችው፤ እያለቀሰችም ዓይኗን ከማዕበሉ አልነቀለችም።

“ታች ነው። ሞተሩን ይዞልኛል።”

“እኔ እየነዳሁ ነው በለው!”

“ነገርኩት እኮ” አላት ፍሬን። “ጎበዝ ብሎሻል። ብቻ ወደ ኋላ እንዳትዞሪ።”